ዝም ያልኩበት ፈተና

ወረታ ከተማ ወደነበረው መሥሪያ ቤታችን የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲገባ፣ ለአንዱ የጸሐፊነት ቦታ የተወዳደርነው ሁለት ሴቶች ነበርን፤ እኔና ዕድሜያቸውን በታይፕ የጨረሱት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጸሐፊ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቻቸው ፊደሎቹ ላይ ሲያርፉ ግን ይረጋል።

ፈተናው ጎርፍ ሩዛቸውን ስለወሰደባቸው የፎገራ ገበሬዎች ደብዳቤ ጽፎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። እኔ አርባ ደቂቃ የፈጀሁበትን እትዬ በሃያ ጨረሱት። ለማስቀመጥ ማውሱን ሲይዙ ግን እጃቸው ከዳቸው። ቀስቱ ወዲያ ወዲህ ሲልባቸው ቆይቶ ያላሰቡትን ቦታ ተጫኑና ደብዳቤው ከነጭራሹ ጠፋ።

ማውስ ሳይነኩ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ በመጫን ማስቀመጥ እንደሚቻል ባሕር ዳር ተምሬ ነበር። ከኋላቸው ቆሜ ዝም አልኩ።

«ማውስ መያዝ ላልቻለ ሰው ኮምፒውተር አይሆንም» አሉ ኃላፊው። እትዬ መዝገብ ቤት ተመደቡ።

ከዓመት በኋላ ጸጸቱ ሲብስብኝ ሄጄ ስለ ሁለቱ ቁልፎች ነገርኳቸው።

«ያን ቀን ታውቂው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ወደ መዝገባቸው ዞሩ። «ደግ። ይሂዱ፣ ሥራ አይፍቱ» አሉኝ።

ልጄ ይሉኝ የነበሩት ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ አንቱ አሉኝ።