ትርፌ ከክፍል የቀረችበት መስቀል

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ዩኒፎርም ላሰፋ ወልቂጤ መናኸሪያ ጀርባ ወዳለ ልብስ ሰፊ ሄጄ፣ ሰውየው እርጥብ ጨርቅ አልብሶ የከሰል ካውያውን አዲሱ የቴትረን ጨርቅ ላይ ሲያሳርፈው፣ ያ ትኩስና ጎምዘዝ ያለ የእንፋሎት ሽታ ፊቴን መታኝና እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየው ደንግጦ ውሃ ላምጣልሽ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ደህና ግን አልነበርኩም፤ ሽታው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደነበረው የአባቴ ሱቅ፣ ወደ እህቴ ወደ ትርፌና ወደዚያ መስቀል ይዞኝ ሄዶ ነበር።

አባቴ ሳህሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ጳጉሜን ሲገባ የከተማው ልጅ ሁሉ የሚለብሰው ዩኒፎርም ከእሱ የእግር መኪና ሥር ስለሚያልፍ፣ ሱቁ በሰማያዊ ብጥስጣሽ ይሞላና ክሩ እስከ ምሳ ሳህናችን ድረስ ይከተለን ነበር። የእኛ የልጆቹ ዩኒፎርም የሚሰፋው ግን ከሁሉም በኋላ፣ ከደንበኛ በተረፈ ጨርቅ ነበርና፣ እኔ አንዱ ኪሴ ከሌላው ደመቅ ያለ፣ እጅጌዬም ከአካሌ የተጣላ ሆኖ ነው ያደግኩት። በዚያ ዓመት ብቻ ነገሩ ተገለበጠ። ትርፌ የስምንተኛ ክፍል ፈተናን ጎረቤት እልል ባለበት ውጤት አልፋ፣ ከዘመዶቻችን ሴቶች መካከል ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ የመጀመሪያዋ ሆነች። አባቴም ደንበኞቹን አቁሞ መጀመሪያ የእሷን ቀሚስ ቀደደ፤ ከጣቃው ላይ፣ አንድም ቦታ ሳይቀጥል።

በእኛ አገር መስከረም ሁለት ጌታ አለው። አንዱ ትምህርት ቤት ነው፣ ሌላው መስቀል። ገና ደወሉ መደወል ሲጀምር ከአዲስ አበባ የሚመጡት መኪኖች ጣሪያቸው ላይ ፍራሽና ጀሪካን ጭነው በከተማችን እየጮሁ ያልፋሉ፣ ሱቆች ይቆለፋሉ፣ እኛም ልጆቹ ከክፍል ተነቅለን ቸሃ ወደሚገኘው የአያታችን ቤት እንወሰዳለን። እኔ አንደኛ ደረጃ ስለነበርኩ ከዚህ የሚመጣብኝ ቅጣት ቀላል ነበር። ስንመለስ አስተማሪያችን አሰልፋ መዳፋችን ላይ አንዳንድ አለንጋ ታሳርፍብንና፣ «ቅቤው ስላለሰለሰው እጃችሁ አልተሰማውም» ብላ ራሷም ትስቅ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃው ግን ሌላ ነበር። ከየወረዳው የሚመጣው ተማሪ ክፍሎቹን አጨናንቆ፣ ውጭ ተጠባባቂ ቆሞ ነበርና፣ ርዕሰ መምህሩ በምዝገባው ቀን ወላጆችን ሰብስቦ ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ ያልቀረበ ተማሪ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ተናገረ። አባቴም እዚያው ነበር። ትርፌ ይህን ይዛ መንገድ ልንወጣ ባለንበት ዋዜማ ሱቁ በር ላይ ቆመች።

«አባ፣ እኔ ልቅር። ጎረቤት አድራለሁ፣ ምንም አልሆንም።»

«መስቀልን ብቻሽን?» አለ አባቴ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ። «ሰው ምን ይለኛል? ልጁን ቀብሮ መጣ ይሉኛል። አያትሽ አባዬስ ትርፌ የት አለች ሲለኝ ምን እላለሁ? በመስቀል ማግስት እንመለሳለን አልኩሽ፣ አበቃ።»

ሄድን። ያን መስቀል ለማማት እስከ ዛሬ አፌ አይታዘዝልኝም። ዝናቡ አባርቶ ጀፎረው፣ በሁለት ረድፍ ቤቶች መሀል የተዘረጋው ያ ሰፊ መስክ፣ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ነበር። ከእንሰቱ ቅጠል የሚንጠባጠበው ውሃ፣ በአዲስ ጭቃ የተለቀለቀው ግድግዳ፣ ለበዓሉ የተከማቸው ፍልጥ፣ ደንጌሳት በሚባለው ምሽት ልጆች የምንለኩሰው ችቦና ከዚያ በኋላ የሚቀርበው የጎመን ክትፎ፣ በማግስቱም የሰንጋው ሥጋ፣ ቅቤው በክርናችን ሲወርድ አያታችን አባዬ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ እያንዳንዳችንን በስም እየጠራ ሲመርቀን። ትርፌንም መረቃት። «የተማረች ሁኚ» አላት፤ ከማንኛችንም ይልቅ ረጅሙን ምርቃት ያገኘችው እሷ ነበረች።

በመስቀል ማግስት ጓዛችን ታስሮ ሳለ አባዬ ሳል ጀመረው። አባቴን ወደራሱ ሳብ አደረገና፣ «ሳህሌ፣ ይሄ የመጨረሻ መስቀሌ ነው። ጥቂት ቀን ብትቆዩልኝ ምን ይጎድልባችኋል?» አለው። አባዬ ይህን በየዓመቱ ነበር የሚለው። አጎቴ እንኳ ከኋላ ሆኖ፣ «አምናም ብሎ ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ሳሉ የእውነት ነበርና አባቴ የታሰረውን ጓዝ ፈታው። እኔ ዘለልኩ፤ ከአጎቶቼ ልጆች ጋር እንደገና መስክ ላይ ልውል ነው። ትርፌ የራሷን ፌስታል አንስታ ወጣች።

መንገድ ዳር ቆማ ነበር የምትውለው። ሚኒባሶቹ በዓሉን ጨርሰው በሚመለሱ ሰዎች ጢም ብለው ስለሚመጡ፣ ረዳቱ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ፣ «ሞልቷል! ሞልቷል!» እያላት ያልፋል። እሷ ግን በሚቀጥለው ቀን ትመለሳለች፤ ያን አዲስ የዩኒፎርም ቀሚስ ጭቃ እየረጨው፣ ምናልባት ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ወደ ክፍል እገባለሁ ብላ ነው መሰለኝ ለብሳው ትወጣ ነበር። አንድ ጠዋት ተስፋ ቆርጣ በእግሯ ጉዞ ጀመረች። አባቴ ሮጦ ደረሰባት፤ እኔም ተከትዬው ነበርና በቦታው ደረስኩ።

«ልጄ፣ አባቴ ነው። ቢሞትብኝስ?» አላት ክንዷን ይዞ።

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?» አለች።

አባቴ ክንዷን ሳይለቅ ይዟት ተመለሰ። መንገዱን በሙሉ ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ እኔ ፌስታሏን ተሸክሜላት ከኋላ ሄድኩ።

አባዬ ሳሉ ሲተወውና ገንፎ ሲጠይቅ ተመለስን። አባቴ ከመኪና እንደወረደ ቤት እንኳ ሳይገባ ትርፌን ይዞ ሁለተኛ ደረጃው ደጅ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ስቦለታል።

«አቶ ሳህሌ፣ ቦታው ተሰጥቷል። የተሰጠውን ልጅ አስወጥቼ የእርስዎን ላስገባ?»

«ልጅቷ አላጠፋችም። ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ እኔን ቅጡኝ።»

«እርስዎን የምቀጣበት ክፍል የለኝም። ለከርሞ ያምጧት።»

አባቴ በማግስቱም ሄደ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ጠዋት። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከቢሮው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ እሱ የሰፋውን ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች በፊቱ እየተሳሳቁ ይገባሉ። በመጨረሻ ዘበኛው፣ «ጋሼ ሳህሌ፣ በቃ ይሂዱ፣ እኔም እርስዎን ባየሁ ቁጥር አልቻልኩም» ብሎ ሸኘው።

ያን ዓመት ትርፌ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ ስትተክል ከረመች። የክፍል ጓደኞቿ የሚሆኑት ልጆች ቀሚስ ሊያሳጥሩ ሲመጡ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባ ነበር። ዓመቱ ዞሮ አባቴ እንድትመዘገብ ቢለምናት፣ ቢያስለምናት፣ «ከኋላዬ ከነበሩት ጋር አልቀመጥም» አለች። መርካቶ የምትነግደው አክስታችን፣ ቀን እየረዳችኝ ማታ ትማራለች ብላ ወሰደቻት። ማታውን ጥቂት ሞከረችው፤ ሱቁ የሚዘጋው አምሽቶ ነበርና ከገበያው ድካም በኋላ ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ይጥላት ነበር፣ ከዚያ ደብተሩም ቀረ።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ማንኛችንንም ለመስቀል ከትምህርት ቤት አላስቀረም። አለቀስን፣ አኮረፍን፣ አልሰማንም። የሱቁን ቁልፍ ለእናቴ ሰጥቶ ብቻውን ቸሃ ይሄዳል፣ እኛ ክፍል እንገባለን። የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም ይሄ ነበር፤ ክፍሉ ባዶ ነው። አገሩ ሁሉ ገጠር ገብቶ እኛ ጥቂቶች በየዴስኩ ተበትነን ቁጭ እንላለን፣ አስተማሪዋም ምን አዲስ ትምህርት ላስተምር ብላ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። በዝምታው ውስጥ ከሩቅ መንደር የከበሮ ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሲመለስ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ያመጣልናል፤ አንድም ቀን ግን ቸሃ የምበላውን ሆኖልኝ አያውቅም።

አባዬም አልሞተም። መስቀል በመጣ ቁጥር የመጨረሻዬ ነው እያለ ዓመታት ኖረ፤ በየዓመቱም በሩን እያየ፣ «ልጆቹስ?» ይለው ነበር አባቴን። «ትምህርት ላይ ናቸው» ይለዋል። የእውነት የመጨረሻው በመጣ ጊዜ አባዬ ከምሰሶው ሥር ከእኛ የሚመርቀው አጥቶ፣ ሲመርቅ የነበረው እኛ የምንቀመጥበትን ባዶ ወለል እንደሆነ አጎቴ ነግሮኛል። ስሞቻችንን ግን አንድም አልረሳም አለኝ።

ትርፌ ዛሬ መርካቶ የራሷ ሱቅ አላት፣ ሁለት ልጆችም። ልጆቿ ቸሃን አያውቁም። የአባዬ መቃብር የት እንዳለ፣ ጀፎረው ላይ እንዴት እንደሚሮጥ፣ ዘመዶቻቸው በምን ቋንቋ እንደሚቀልዱ አያውቁም። አምና አባቴ ዓይኑ ደክሞ፣ እግሩም አልታዘዝ ስላለው ቸሃ መሄድ አቅቶት መስቀልን እኔ ቤት አሳለፈ። ክትፎው ቀርቦ ሳለ ደወልኩላትና ስልኩን ጮክ አደረግኩት።

«ለሁለት ቀን እንኳ ልጆቹን ይዘሽልን ነይ፤ አባ አንድ ጊዜ ይያቸው» አልኳት።

ከኋላዋ የገበያው ግርግር ይሰማል።

«ትምህርት አላቸው እኮ» አለች።

አባቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለኝ። «ልክ ነሽ፣ ልጄ» አላት። «እንዳታስቀሪያቸው።»

ስልኩን መለሰልኝ። ማንም እጁን ሳይሰነዝር፣ የክትፎው ቅቤ ነጭ ሆኖ እስኪረጋ ድረስ ተቀመጥን።