ከጀርባ የተቆለፈው ቀበቶ

መኪናዬን የገዛሁ ሰሞን አፌን መዝጋት አቅቶኝ ነበር። ያገለገለች ብትሆንም ያልተገጠመላት ነገር የለም። ፊቷ ላይ እንቅፋት ካየች ከእኔ ቀድማ ፍሬን ትይዛለች፤ መስመር ስስት ትጮኻለች፤ ኤርባግ በየአቅጣጫው አላት። ቢሮ ውስጥ ሻይ የሚጠጣ ሰው ካገኘሁ ስለ እሷ ሳላወራለት አልለቀውም ነበር። "ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ነው የምትሳፈረው?" እያሉ ባልደረቦቼ ያሾፉብኛል። እኔም ደስ እያለኝ እስቅ ነበር።

ሶዶ የመጣሁት ለሥራ ተመድቤ ነው። ያከራዩኝ ሴት በዕድሜ የገፉ ናቸው። ልጆቻቸው ርቀው ስለሚኖሩ እኔን ልጄ ይሉኛል፤ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። ስታመም ሾርባ ይዘው በሬ ላይ የሚቆሙ፣ ከጓሯቸው እንሰት ፍቀው የሠሩትን ሁሉ ሳያቀምሱኝ የማያልፉ ሰው ናቸው።

ባለፈው ዓመት ቦዲቲ ያለችው የእህታቸው ልጅ ወለደች። ሊጠይቋት ሲነሱ "እኔ አደርስዎታለሁ" አልኳቸው። ትልቅ ሰው ከኋላ አይቀመጥምና ጋቢና አስገባኋቸው። ለአራሷ የሠሩትን፣ በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ፣ ሙቹዋ፣ ከነድስቱ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሞተር ሳስነሳ መኪናዋ መጮኽ ጀመረች።

"ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?" አሉ።

"ቀበቶ ይታሰር እያለች ነው፣ እማማ።"

"እኔ ጥጃ ነኝ የምታሰረው? ድስቱስ የት ይግባ?"

ጠንከር ማለት ነበረብኝ። ግን እናቴን በሚያህሉ ሴት ደረት ላይ እጄን አሻግሬ፣ ነጠላቸውን ገልጬ ማሰሩ ነውር መሰለኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ ስንቱ ሾፌር የሚያደርገውን አደረግሁ። ቀበቶውን ስቤ በጀርባቸው አሳለፍኩና ቆለፍኩት። ጩኸቱ ቀጥ አለ። "አዩ፣ ዝም አሰኘኋት" ስላቸው ሳቁ። የራሴን ግን ደረቴ ላይ አሰርኩ።

ቦዲቲ ልንገባ ስንል አንድ ባጃጅ ከቅያስ መንገድ ዘሎ ገባብን። ፍሬን የያዝኩት እኔ አይደለሁም፤ እግሬ ሳይደርስ መኪናዋ ራሷ ይዛ ነበር። ፍጥነታችን ቢቀንስም ባጃጁን ስሸሽ መሪውን ጠመዘዝኩና መንገድ ዳር ካለ ባሕር ዛፍ ጋር ተጋጨን። ቀበቶዬ ጠበቅ አድርጎ ከወንበሩ ጋር አጣበቀኝ፤ ኤርባጉ ፊቴ ላይ ተነፋ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ፣ የበሮቹ ቁልፍ በራሱ ተከፈተ፣ የአደጋ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። መኪናዋ ሥራዋን አንድ ሳታስቀር ሠራች። እኔ ደረቴ ላይ ሰንበር ወጣብኝ እንጂ ሌላ ነገር አልሆንኩም።

እማማ ግን ወደ ፊት ተወርውረው ነበር። ኤርባጉ ገና እየተነፋ ሳለ አገኛቸው፤ ድስቱን መልሶ በእጃቸው ላይ መታው። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰበረ። ነጠላቸው በቅቤና በደም ርሶ እንኳ የጠየቁት ስለ እኔ ነው። "ልጄ፣ ተረፍክ?" አሉኝ።

ሐኪሙ ቀበቶ አስረው እንደነበር ሲጠይቃቸው አፌን ሳልከፍት "አዎ፣ ልጄ አስሮልኛል" አሉ። ከልባቸው ነው፤ ሲቆለፍ ሰምተዋል። እኔም አላረምኳቸውም። ኤርባግ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ ሰው መሆኑን አውቅ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ስጎርር ይህንንም ተናግሬያለሁ። ያን ቀን መኪናዋን ዋሸኋት፣ እሷም አመነችኝ።

እጃቸው ከጄሶ ከወጣ በኋላ ቸርች ይዘውኝ ሄዱ። ተነሥተው መሰከሩ። ጌታ እንዳዳናቸው፣ እኔም እንደ ወለዱት ልጅ እንዳስታመምኳቸው ተናገሩ። ሕዝቡ ሃሌሉያ ሲል አንገቴን ደፋሁ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ትሕትና መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

አጥንቱ ተጣሞ ነው የገጠመው። አሁን እንሰት የምትፍቅላቸው ጎረቤታቸው ናት። እሳቸው በግራ እጃቸው ሳህኑን ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔም ተቀብዬ እበላለሁ።

ባለፈው ወር መኪናዋ ተጠግና፣ ኤርባጓም ተቀይሮ እንደገና ወደ ቦዲቲ ልንሄድ ተነሣን። እማማ ዛሬም ድስት ይዘው ጋቢና ገቡ። ሞተር ሳስነሳ ጩኸቱ ጀመረ። እጄን ሳላነሣ እሳቸው በግራ እጃቸው ቀበቶውን ሳቡት፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው በጀርባቸው አሳለፉና ቆለፉት።

"ይኸው፣ አንተ እንዳሳየኸኝ ዝም አሰኘሁት" አሉኝ ደስ ብሏቸው።

ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ በሳቸው በኩል ዞርኩና በሩን ከፈትኩ። ቀበቶውን ፈትቼ፣ ነጠላቸውን ገለጥ አድርጌ፣ ከትከሻቸው ወደ ጎናቸው በደረታቸው ላይ አሰርኩላቸው። አንዴ ቀበቶውን፣ አንዴ የተጣመመ እጃቸውን አዩ።

"ያን ጊዜም በዚህ በኩል ነበር?"

"አልነበረም፣ እማማ።"

ድስቱን ከጭናቸው አንሥተው ሰጡኝ፤ ከኋላ አስቀመጥኩት። ቦዲቲ እስክንደርስ አንድም ጊዜ ልጄ አላሉኝም።