ተራዬን ለዘይነባ የሰጠሁ ዕለት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን፣ እናቴን ማስቀየሜን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። "ሌላ የቀረ አለ ልጄ?" ሲሉኝ "የለም አባ" ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ይህችን ብነግራቸው "ሂጂና ለበደልሻት ለራሷ ንገሪያት" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አሁን ለእናንተ የምነግረው ፊታችሁን ስለማላይ ይሆን?

በደርግ ጊዜ ነው። መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ዘይነባና እኔ በአንድ ግቢ ጎን ለጎን እንኖር ነበር። እሷ የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ሞቶባት ራውዳ የምትባል ልጇን ታሳድጋለች። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ገና አጠባለሁ። ሁለታችንም ከድሬዳዋ በዕቃ ባቡር ተደብቆ የሚመጣ ጨርቅ እየተቀበልን ሶማሌ ተራ እንሸጥ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ ከተማ ሳይገባ አንዲት ትንሽ ጣቢያ አለች። ከጣቢያዋ በፊት ሐዲዱ ይታጠፋል። ባቡሩ እዚያ ጋ ሲያዘግም፣ መጨረሻው ፉርጎ ላይ ፍሬን የሚይዘው ሰውዬ የኛን የጨርቅ እስር ወደ ሣሩ ይገፋዋል። አንዳችን ታች ሐዲዱ ዳር ሆነን እናነሳለን፤ ሌላዋ ጉብታው ላይ ተቀምጣ የጣቢያውን ምልክት ታያለች። ምልክቱ ረጅም ምሰሶ ላይ ያለ ቀይ የብረት ክንድ ነው። ወደ ታች ከወረደ ባቡሩ ያልፋል፤ ከተዘረጋ ይቆማል። የዕቃ ባቡር እዚያ ከቆመ ፈታሾች ሐዲዱን ተከትለው ወደ ኋላ ይመጣሉ ማለት ነው። ታች ያለችው ይህን አታይም። ስለዚህ ጉብታው ላይ ያለችው ነጠላዋን ከራሷ ታወርዳለች፤ ታች ያለችውም እስሩን ትታ እንደ መንገደኛ መንገዷን ትሄዳለች። አንድ ቀን እሷ ትወርዳለች፣ አንድ ቀን እኔ። ተራ አዛብተን አናውቅም።

የዚያን ዕለት መውረድ የኔ ተራ ነበር።

ዘይነባ ራውዳን ትምህርት ቤት አድርሳ ልትከተለኝ፣ እኔ ቀድሜ ደረስኩ። ጉብታው ላይ ልጄን እያጠባሁ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ባዶ የዕቃ ባቡር መጣ። ከተማ ለቆ የሚወጣ ባዶ ባቡርን ማንም አያስቆመውም። የዚያን ዕለት ግን ክንዱ ተዘረጋበት። ቆመ። ሰዎች ከፉርጎ ፉርጎ እየወጡ ሲፈትሹ አየሁ። ባዶውን የፈተሸ የሞላውን ይተዋል? ስንት ወር ሙሉ ያየሁት ምልክት ነው። አልተሳሳትኩም። የፍተሻ ቀን መሆኑን አወቅሁ።

ዘይነባ እያለከለከች መጣች።

"ዘይነብዬ፣ ልጁ ዛሬ አስቸግሮኛል፤ አንቺ ውረጂልኝ" አልኳት።

ልጄ ጡቴን ይዞ ዝም ብሏል። ጎንበስ ብላ አየችውና ሳቀች። "እኔን ሲያይ ጨዋ ሆነ? ይሄማ ከአሁኑ ካድሬ ነው! በይ አንቺ ስብሰባውን ምሪ፣ ሥራውን ሰፊው ሕዝብ ይሠራል" ብላ ወረደች።

ለምን "ዛሬ እንመለስ" አላልኳትም? ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን ግን አውቀዋለሁ። እንመለስ ብል ጨርቁ ይቀራል። እኔ ጨርቁንም ፈለግሁ፣ መያዙንም ፈራሁ። ጨርቁን ለሁለታችን አልኩ፤ መያዙን ለሷ ተውኩላት።

የኛ ባቡር መጣ። ክንዱ እንደተዘረጋ ነው። እጄ ነጠላዬን ይዟል። እስሩ ሲወድቅ አየሁ። ስታነሳው አየሁ። ምናልባት ታመልጥ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ጠበቅሁ! ነጠላዬን ሳወርድ እሷ አጎንብሳ ነበር። ሁለት ሰዎች ያዟት።

"ከማን ጋር ነሽ?" ሲሏት ሰማሁ።

"ብቻዬን ነኝ! አንድ እስር ጨርቅ ለመሸከም ማኅበር ያስፈልጋል እንዴ?" አለች። ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው እኔ እንድሰማና እንድሄድ ነው። ልጄን አዝዬ ሄድኩ።

ሁለት ክረምት ታሰረች። ራውዳን እኔ ዘንድ አመጣኋት። ሥጋዋን ከእስላም ሥጋ ቤት እየገዛሁ በሌላ ድስት ሠራሁላት፤ ለማፍጠሪያዋ ቴምር አላሳጣኋትም። ሰፈሩ አመሰገነኝ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች መረቁኝ። እኔም "አሜን" እያልኩ ተቀበልኩ። ያን ሁሉ ምርቃት የት አደርሰዋለሁ?

ዘይነባ ስትፈታ ቤቷ ሳትገባ እኔ ጋ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። "አስካለ፣ አላህ ይክፈልሽ፤ ልጄን አቆየሽልኝ" አለችኝ። ቀጥላ በሹክሹክታ፣ "ነጠላሽን ስታወርጂ እኮ ሳላይሽ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

የኔ ነው አለችኝ! አቀፍኳት። ነገሩ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ቅዳሴ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ። ተኝቼ እገላበጣለሁ። ተመስገን የምልበት ብዙ አለኝ፤ ልጄ አድጎ ለቁም ነገር በቃ፣ እኔም የሰው እጅ ሳላይ እስከዛሬ ኖርኩ። ግን ተመስገን ባልኩ ቁጥር ያ ሁለት ክረምት ይመጣብኛል። ልጄን ምክንያት አላደርግም። ዘመኑ ክፉ ነበር ብዬም አላመልጥም። ማንም መሣሪያ አልደገነብኝም። በገዛ አፌ፣ በቁልምጫ ጠርቼ ላክኋት።

ዘይነባ ፊደል አልቆጠረችም። ይህን ጽሑፍ ለራውዳ እሰጣታለሁ፤ ለእናቷ ጮክ ብላ ታነብላታለች። እኔም አንብባ እስክትጨርስ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ዘይነባ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ራስሽን ስትወቅሺ ዝም ብዬ ሰምቼሻለሁ። ከመውረድሽ በፊት አውቄ ነበር። ይቅርታውን ብትከለክይኝ እውነት አለሽ። ጥፋቱን ግን ከራስሽ ላይ አንሺው፤ የኔ ነው።