ስም ያልተሰጣት ሚስት

ማሽላ ሲለቀም ባየሁ ቁጥር አንዲት የመርሳ እናት ይናፍቁኛል።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ስለ አንድ የቆየ የአሜሪካ ልብ ወለድ የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የገበሬው ሚስት ታበስላለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሞታለች፤ ደራሲው ግን አንድም ቦታ በስሟ አይጠራትም። ይሄ ያንገበግበኝ ነበር።

መጽሐፉን ይዤ ከወልድያ ሸሽቼ በእግሬ መርሳ ገባሁ። እኒያ እናት ከመንገድ ጠርተው አስገቡኝ፤ ብዙ ሳምንት አብሬያቸው ኖርኩ። ሰፈሩ ሁሉ በበኩር ልጃቸው ስም "የእከሌ እናት" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ማሽላ ስንለቅም ልብ ወለዱን በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ።

"ስሟ ማነው?" አሉኝ አንድ ቀን።

"ስም የላትም። ደራሲው አልሰጣትም፣ ይሄ የማይረባ!"

"ያ ረቢ! ልጅ አልወለደችም እንዴ?" አሉ ከልባቸው አዝነው።

ሳቅኩ።

ሰላም ሲሆን ጽሑፌን ጨረስኩ። በሚስትየዋ ስም ማጣት አሥር ገጽ ሙሉ ተቆጥቼ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ መርሳ ወረድኩ። "ብይ እንጂ የኔ ልጅ" የሚለው ድምፃቸው ከጆሮዬ አልጠፋ ብሎ ነበር። ቤቱ ተዘግቷል፤ ጎረቤቶቹ አዲስ ናቸው። አንድ ባጃጅ ነጂ አስቁሜ የእከሌን እናት ያውቃቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። የልጃቸው ስም ግን መርሳ ላይ በየቤቱ ያለ ስም ነው።

"የትኛዋን?" አለኝ። "የራሳቸው ስምስ?"

ያን ሁሉ ሳምንት እንጀራቸውን ስበላ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።