የወንድሜን ስም ለሙከራ ጻፍኩት

ትናንት ከቀትር በኋላ... ደብረ ብርሃንን ጉም ውጧት ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ እንኳ አይታይም ነበር። እኔ በእህቴ ልጅ በሰብለ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ስጽፍ ቀርፋፋ ነኝ። እዚያ ደግሞ የሚበዛው ሥራ የሐዘን መግለጫ ነው። ሰብለ አዘነችልኝና፣

«አክስቴ፣ አቋራጭ ቁልፍ ላድርግልሽ። ስትጫኚው "ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል" የሚለውን ራሱ ይጽፍልሻል። የትኛው ይሁን?»

«ኮንትሮልና ዜድ።»

«እሱ እኮ የተሳሳትሽውን መመለሻ ነው!»

«ቀኑን ሙሉ ስሳሳት ነው የምውለው፣ ጣቴ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነው። አትከራከሪኝ!»

እየሳቀች አደረገችልኝ። መመለሻውን ወደ ሌላ ቁልፍ አዛወረችው። ስክሪኑንም ለሁለት ከፈለችው፤ ያው አንዱ ጽሑፍ ከላይም ከታችም ይታያል። ርዕሱን ከላይ እያየሁ ከታች እንድቀጥል ነው። ከዚያ ወረቀት ልትገዛ ወጣች።

መሞከሪያ ስም ፈለግሁ... ከዚህ ራቅ ብሎ ጎረቤላ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ምን ልትሆን?» ብሎ ከትምህርት ቤት ያስቀረኝ እሱ ነው። ከተኳረፍን ዓመታት አልፈዋል።

ስሙን ጻፍኩ። ቁልፉን ተጫንኩ። ሞተ... ከላይም ከታችም። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ወዲያው ግን ጸጸተኝ። የእናቴ ልጅ አይደል? ላጠፋው ብዬ በለመደ ጣቴ ኮንትሮልና ዜድን ተጫንኩ። «በሞት ተለይተዋል»። ደንግጬ ደገምኩ። «በሞት ተለይተዋል»። በተጫንኩ ቁጥር ሁለቱም መስኮቶች በሞቱ ይሞላሉ።

ስልኬ ጮኸ... ወንድሜ!

«አንቺ፣ ጎረቤላ መጥተሻል እንዴ?»

«ኧረ ደብረ ብርሃን ነኝ። ምነው ጋሼ?»

«ከደጅ ሆነሽ ስሜን ስትጠሪ ሰማሁሽ። ደጋግመሽ። ብወጣ ጉም ብቻ ነው።»

እኛ አገር የማይታይ ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም፤ አቤት ያለ ይወሰዳል ይባላል።

«አቤት ብለሃል?»

«ኧረ አላልኩም።»

«እንዳትል! በሩን ዝጋና ቁጭ በል።»

«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለእኔ ያሰብሽው?» ብሎ ሳቀ። «ቆይ... ይኸው ደግሞ ጠራሽኝ።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ ካነሳሁ ቆይቻለሁ እኮ...