ሳንጠይቅ የመረጥናቸው ሲስተር

በደርግ ጊዜ እውነተኛ ምርጫ አልነበረም ይባላል። ነበር። አንዱን ያስደረግሁት እኔ ነኝ፤ ባይደረግ ኖሮ ይሻል ነበር።

ይህን የምለው ዘመኑን ለማመስገን አይደለም። ያኔ ሰው እጁን የሚያወጣው ሐሳብ ስላለው ሳይሆን የጎረቤቱ እጅ ስለወጣ ነው። እኔም ስንቱን ውሳኔ ምን እንደሆነ ሳልሰማ ደግፌ ወደ ቤቴ እንደሄድኩ አላስታውስም። የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም የሐሰት አልነበረም።

ያስታወሰኝ ባለፈው እሑድ የሆነ ነገር ነው። ሲኤምሲ በምኖርበት አፓርታማ ግቢ የነዋሪዎች ኮሚቴ ልንመርጥ ተሰብስበን ነበር። አጀንዳው የውሃ ፓምፕ ነው፤ ንግግሩ ግን እንደ ወጉ ከፓምፕ በስተቀር ስለ ሁሉም ነገር ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ጨዋ ወጣት ተነሥቶ፣ “እኔ ለሊቀ መንበርነት ጋሽ ከበደን እጠቁማለሁ። ዝምተኛና የተከበሩ አባት ናቸው” አለ። ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ከበደ ከኋላ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁት። ያን ፊት ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ።

ያኔ ከነርስ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የምሠራበት ሆስፒታል ከከተማው በስተ ምሥራቅ ዳር ነበር። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ አውቶቡስ ይዘን አስፋልቱ እስከሚያልቅበት እንሄዳለን፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረበበት ቦታ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። በነሐሴ ነጭ ጫማችንን በላስቲክ ጠቅልለን፣ በጎማ ጫማ እየተንሸራተትን እንገባለን። በመንገዱ ዳር ሴቶች ጃንጥላ ተክለው በቆሎ ይጠብሱ ነበር፤ አንድ እሸት ገዝተን ለሁለት እንሰብረዋለን። የዚያን በቆሎ ጣዕም ዛሬ የትም አላገኘሁትም። ምናልባት ጣዕሙ የረሃቡ ይሆናል።

በዚያ ጭቃ ስማቸው የተጠራ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሲስተር በላይነሽ። ከሁላችን በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ። ነርሶች ለመንገዱ ጠጠር ይደፋልን ብለን ጽፈን፣ አስተዳዳሪው “መንገድ የሆስፒታል ሥራ አይደለም” ብለው መልሰውልን ነበር። ሲስተር በላይነሽ አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ አስተዳዳሪው ቢሮ ገቡና “እስከ አስፋልቱ ይሸኙኝ፤ የማዋይዎ ጉዳይ አለኝ” አሏቸው። ሰውየው ባለጌ አልነበሩም፤ ተነሡ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀረ። ሲስተር ጎንበስ ብለው መዘዙት፣ አራግፈው ሰጧቸውና፣ “ጉዳዬ ይኸው ነው” አሉ። በሳምንቱ ሁለት መኪና ጠጠር ተደፋ።

ወደድናቸው። የምንወደውን ሰው ማማት ደግሞ ልማዳችን ነው፤ አማናቸው። ቤታቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ነው ከማለት በቀር ማንንም ጋብዘው አያውቁም፤ ቋጣሪ ናቸው ተባለ። ከሁሉ የባሰው ግን የእንቁላሉ ነገር ነበር። ሲስተር በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምሱ ጿሚ ናቸው። በዚያው በፍልሰታ ግን ከበሩ ላይ ከምትሸጠው ሴት በየሁለት ቀኑ እንቁላል ይገዛሉ፤ በመሐረብ ቋጥረው ቦርሳቸው ውስጥ ይከታሉ።

ጓደኛዬ አልማዝ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የነበረች፣ “ቀን ለማርያም ይጾማሉ፣ ማታ ለሆዳቸው ይፈስካሉ” አለች። እስኪያመን ሳቅን። የሕመም ምልክት ማንበብ ተምረን ዲፕሎማ የተቀበልን ሰዎች ነን እንግዲህ።

ያን ክረምት የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በርትቶ ነበር። ቀበሌዎች ስም ዝርዝር ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ አውቶቡስ ላይ ጢሙ ያቆጠቆጠ ጎረምሳ ማየት ብርቅ ሆነ። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ከእንቁላሉ ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም።

በዚህ መሐል የነርሶች ማኅበራችን ምርጫ ደረሰ። ጓድ ታደሰ የሚባለው ካድሬ የኮሚቴ አባላቱን ስም በወረቀት ጽፎ መጣ። ለሊቀ መንበርነት የታሰበችው ከዋርድ ይልቅ በስብሰባ የምትታይ አንዲት ነርስ ነበረች። ምርጫ እንዲባል ግን ሁለት ዕጩ ያስፈልጋል፤ አንዷ ለማሸነፍ፣ አንዷ ለመሸነፍ። ተሸናፊዋን ከቤቱ እንድንጠቁም ይፈቀድልናል። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለመሸነፍ የሚጠቆመው ብዙ ጊዜ በዕለቱ ያልመጣ ሰው ነው። ማንም አይከፋም፣ ማንም አይደክምም።

“ከቤቱ አንድ ጥቆማ” አለ ጓድ ታደሰ፣ ሰዓቱን እያየ።

አልማዝ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። “ሲስተር በላይነሽን በያ! አትደፍሪም እንጂ።”

ጀግንነት ነበር ብል ደስ ይለኛል። እውነቱ ግን ርቦኝ ነበር፣ ስብሰባው ሰልችቶኝ ነበር፣ “አትደፍሪም” መባልም አልወድም። ተነሥቼ ስማቸውን ጠራሁ።

ለመጀመሪያዋ ዕጩ እንደ ልማዱ ጥቂት እጅ ወጣ፤ ሌላው ሰው ጎረቤቱን እስኪያይ ነው። “ለሁለተኛዋስ?” ሲባል ከኋላ ወንበር፣ በዚያ ጭቃ ማታ ማታ የሚገቡት ተረኞች እጃቸውን አወጡ። ከዚያ መሐሉ። ከዚያ የፊቱ ረድፍ። ማንም ማንንም አላየም። ጓድ ታደሰ ሁለት ጊዜ ቆጠረ። በሕይወቴ ካየኋቸው ምርጫዎች ሁሉ ሰው የፈለገውን የመረጠበት ያ ብቻ ነው።

ሲስተር በላይነሽ ተነሡ። “ልጆቼ፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን አልችልም፤ ሌላ ሰው ይሁን።”

“ምክንያትሽ ምንድን ነው፣ ጓድ?” አለ ካድሬው።

“ጤናዬ ደህና አይደለም።”

“ነርሷም ታመመች እንዴ?” አለ፤ ቤቱ ሳቀ። ያኔ አንድ ሰው “እሺ፣ ሌላ እንጠቁም” ቢል ነገሩ ባለቀ ነበር። የጠቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ማለት የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ከመቀመጫዬ ሆኜ፣ “ትሕትናቸው ነው! አትስሟቸው!” ብዬ ጮኽኩ።

ጭብጨባው ጣራውን ነካ። ሲስተር ወደ እኔ ዞር አሉ። የቁጣ ፊት አልነበረም። መርፌ ሊወጋ ክንዱን ሰጥቶ ወደ ግድግዳው የሚያይ በሽተኛ ፊት ነበር።

ጓድ ታደሰም አጨበጨበ። ከዚያ ከቦርሳው ቅጾች አወጣ። “የተመረጡ ጓዶች የሕይወት ታሪካቸውን ሞልተው፣ በየቀበሌያቸው አስመስክረው እስከ ዓርብ ያስረክባሉ።”

በማግስቱ ቀትር ላይ ሲስተር አንሶላ ወደሚቀመጥበት ክፍል ጠሩኝ። በሩን ዘጉና ቅጹን ሰጡኝ። “ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው፤ አንቺው ሙዪልኝ” አሉ።

ደስ አለኝ፤ አክብሮት መሰለኝ። የትውልድ ቦታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የአገልግሎት ዘመን። እየነገሩኝ ጻፍኩ። ባል፤ በሞት የተለየ። ከዚያ የልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ አሁን የሚገኙበት ቦታ።

“ልጅ አለዎት እንዴ፣ ሲስተር?”

ቦርሳቸውን ከፈቱ፤ መሐረባቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ሦስት እንቁላል ነበር።

“ለማን የምገዛው መስሎሽ ነበር?” አሉ።

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣሁ። “የለኝም ብለን እንጻፍ” አልኩ።

“ቀበሌው ባይመዘግበው ኖሮ እኮ ጥሩ ነበር። ገጠር አጎቱ ዘንድ ነው ብያቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ስለ እኔ እንዳያስብ ተጠንቅቄ ነው የኖርኩት። አሁን ማኅተማቸውን ስጡኝ ብዬ በእግሬ ልሂድ?” ድምፃቸው ያኔም ከፍ አላለም። “ደረቱ ደካማ ነው። የሚወስዱበትን ጦር ሜዳ እሱ አይችለውም።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላወቅሁም ነበር።”

“አታውቂም፣ ልጄ። ብትጠይቂኝ እኮ ‘ተይኝ’ እልሽ ነበር። ይኸው ብቻ ይበቃሽ ነበር።”

ቅጹን አጥፈው ከእንቁላሉ ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ዓርብ ቀን ሥራ አልገቡም። ቅዳሜም። ሰኞ አድራሻቸውን ከሠራተኛ መዝገብ ላይ አስፈልጌ ሩዋንዳ ወረድኩ። አጥሩ ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ቁልፍ። ጎረቤቲቱ ልብስ እያሰጡ ነበር።

“ሲስተር በላይነሽ አሉ?”

“ሄደዋል።”

“ወዴት?”

“እኔ ምን አውቄ። ልጅም የላቸው፣ ብቻቸውን ነበሩ” አሉኝ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

ስለ ልጅ አልጠየቅኋቸውም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉም ዝም ብሎ ነበር። የምንወዳቸው እኛ ብቻ ነን የማናውቀው።

የሃያ ምናምን ዓመት አገልግሎታቸውን፣ ጡረታቸውን፣ ቤታቸውን ጥለው ሄዱ። ልጁ ዳነ? አላውቅም። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ስንት ሰው ጠይቄአለሁ። በወሩ የወረቀቷ ሴት በሙሉ ድምፅ ሊቀ መንበር ሆነች፤ እኔም እጄን አወጣሁ። በቀጣዩ ክረምት ጠጠሩን ጭቃው ዋጠው።

ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ስለ ምርጫ የጻፉት ሁሉ የሚጨነቁት ለመራጩ ነው። ድምፁ ተሰረቀ፣ ታፈነ፣ ተገዛ ይላሉ። የተመረጠው ሰው ቤት ምን እንዳለ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። እኛ ግን ነፃ ሆነን፣ ከልባችን፣ በፍቅር መርጠን ሰው አጠፋን።

እሑድ ጭብጨባው ገና ሳያልቅ ተነሣሁና ወጣቱን፣ “ጋሽ ከበደን ጠይቀሃቸዋል?” አልኩት።

“ኧረ እማማ፣ እሳቸው እንቢ አይሉም!” አለ፤ ሰው ሳቀ።

“አልጠየቅህም ማለት ነው። ጋሽ ከበደ፣ ይፈልጋሉ?”

ሽማግሌው ቀና አሉ። “ተዉኝ፣ ልጆቼ” አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ አንዷ ሴትዮ “ነገር አበላሽ” ስትል ሰማኋት። ምክንያታቸውን ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አላውቀውም፤ ማወቅም የለብኝም። ከስብሰባው ስንወጣ በአጠገቤ አለፉ። አላመሰገኑኝም።

አንተም፣ አንቺም፣ የሰው ስም ከመጥራታችሁ በፊት ሄዳችሁ ለብቻው ጠይቁት። “ተዉኝ” ካለ ተዉት፤ ለምን አትበሉት።