እህቴና ስድስተኛው ስፔድ

እህቴን ሰው ሁሉ «ሁለቴ» ነው የሚላት። ሃያ ስድስት ዓመት በአምቡላንስ ስምሪት ክፍል ሬዲዮ ፊት ተቀምጣ ሠርታለች። እዚያ ቤት አድራሻ ሁለት ጊዜ ካልተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል። «ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በግራ።» ጡረታ ከወጣችም በኋላ ልማዱ አልለቀቃትም፤ ጨው አቀብለኝ ካለችኝ የጨው ዕቃው እጇ ከገባም በኋላ ትደግመዋለች። እኔ ታናሽ ወንድሟ ጸጉር አስተካካይ ስለሆንኩ የተደጋገመ ወሬ መስማት ሥራዬ ነው፤ ችዬው ኖሬያለሁ። አልችልም ያሉት ቀያሹ ናቸው።

ቀያሹ የብሪጅ ጓደኛዋ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ሲለኩ ኖረው፣ በሰባ አራት ዓመታቸውም የተንጋደደ የግድግዳ ሥዕል ካዩ ሳያቃኑ የማይቀመጡ ሰው ናቸው። ብሪጅ ማለት አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ሆነው፣ ጓደኛ ከጓደኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚጫወቱት ካርታ ነው። እያንዳንዱ አሥራ ሦስት ካርታ ይይዛል፤ ምን እንደያዘ ለጓደኛው መናገር የሚችለው ግን በጨረታው ብቻ ነው። የሚጠራው ቁጥር ስድስት ሲደመርበት ይህን ያህል ዙር እንበላለን ማለት ነው፤ አብሮት የሚጠራው የካርታ ቀለም፣ ስፔድ ይሁን ዳይመንድ፣ የሌሎቹ ገዥ ይሆናል፤ የጠሩትን ያህል ካልበሉ ይወድቃሉ። በእኛ ክበብ ስምምነት «አንድ ስፔድ» ብሎ የከፈተ ሰው ቢያንስ አምስት ስፔድ አለኝ ማለቱ ነው። ጓደኛው ሌላ ነገር ከመለሰለት በኋላ «ሁለት ስፔድ» ብሎ ከደገመ ደግሞ ስድስተኛም አለኝ ማለቱ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለስ የለም።

እህቴ ግን አምስት ይዛ ትደግማለች። በተለይ አሱ፣ ንጉሡና ንግሥቲቱ አብረው ከመጡላት አፏን የሚይዘው የለም። ቀያሹ ሁለት ስፔድ ይዘው፣ ስድስትና ሁለት ስምንት ብለው ጨረታውን ወደ ላይ ይሰቅሉታል። ካርታው ሲዘረጋ ሰባት ሆኖ ይገኝና ተያይዘው ይወድቃሉ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ።

ባለፈው ወር በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ወደቁ። ቀያሹ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

«ስሚኝማ እመቤት። ክበባችን አዲስ የገባችው ፋርማሲስት አብረን እንጫወት ብላኛለች። እስከ ቅዳሜው ውድድር ታገሺ ብያታለሁ። ቅዳሜ አምስት ይዘሽ ከደገምሽ ከእሷ ጋር ነው የምቀመጠው።»

እህቴ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣት ያ ወንበር ብቻ ነው። ከፋርማሲስቷ በቀር ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ጓደኛ አላቸው፤ ቀያሹን ካጣች ቤቷ ቁጭ ብላ ግድግዳ ልታይ ነው። ፈራሁላት፤ እውነቴን ነው።

ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ ጸጉር ቤቴ ውስጥ መስታወቱ ሥር ካርታ እየዘረጋሁ አስጠናኋት።

«ለምንድነው የምትደግሚው እትዬ?»

«እንዲሰሙኝ ነዋ።»

«ሰምተውሻል እኮ።»

«መስማታቸውን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ካርታውን አየኸው? ይኼ ባንዴ ተነግሮ የሚያልቅ ካርታ ነው?»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ልተዋት ምንም አልቀረኝም። ሐሙስ ዕለት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ጠየቅኳት።

«ሬዲዮው ላይ መጀመሪያ አምስተኛ ፎቅ ብለሽ፣ ስትደግሚው ስድስተኛ ብትዪስ?»

«አብደሃል እንዴ? እነሱ ስድስተኛ ይወጡና በሽተኛው አምስተኛ ላይ ይሞትብኛል።»

ይህን ብላ እጇ ላይ ያሉትን አምስት ስፔዶች ቆጠረቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ አስቀመጠቻቸው።

«ወይኔ» አለች። «እኚህን ሽማግሌ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለ ፎቅ ነው ለካ ሳስወጣቸው የከረምኩት።»

ቅዳሜ ከጀርባዋ ተቀመጥኩ፤ ተመልካች ትንፍሽ ካላለ ይፈቀድለታል። ገና በሁለተኛው ጨዋታ ያ የምፈራው መጣ፤ አምስት ስፔድ፣ ከአሱ ጀምሮ የተደረደረ። «አንድ ስፔድ» አለች። ቀያሹ «አንድ፣ ያለ ገዥ ቀለም» አሉ፤ ስፔድሽን የሚደግፍ ካርታ የለኝም፣ አቅሜም መጠነኛ ነው እንደማለት ነው። የእህቴ ጆሮ ቀላ። አራት ዳይመንድም ነበራትና ጥርሷን ነክሳ «ሁለት ዳይመንድ» አለች። እዚያው ላይ ቆሙ፤ ካሰቡትም አንድ ጨምረው በሉ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ አንደኛ ነበሩ። እህቴ በሌሎቹ ቀለሞች ጥሩ ጥሩ ካርታ ደረሳት፤ ስፔዱ ግን ከንጉሡ በቀር ኮተት ነው። ብቻ ስድስት ነው። «አንድ ስፔድ» አለች። ቀያሹ ያንኑ መለሱ። «ሁለት ስፔድ» አለች።

ቀያሹ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። ኋላ እንዳየሁት ሁለት ስፔድና ሁለት አስ ይዘው ነበር፤ ስድስት እንዳላት ካመኑ «አራት ስፔድ» ብለው አሥር ለመብላት መጫረት ነበረባቸው። እህቴ ፊቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። ብዙ አሰቡ።

«አልፋለሁ» አሉ።

አሥር በሉ። የጠሩት ግን ስምንት ብቻ ስለነበር ትልቁ ነጥብ አመለጣቸው፤ ሦስተኛ ወጡ። እህቴ ስፔዶቿን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረች። ቀያሹ ድንበር እንደሚለካ ሰው በጣታቸው ጫፍ ቆጠሯቸው።

«ስድስት ነው» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ነግረሽኝ ነበር፤ አላመንኩሽም።»

የማውቃት እህቴ እዚህ ላይ ታለቅስ ነበር።

«ጋሼ፣ ለዛሬ ቀጥረውኝ ነበር፤ ቀጠሮዬን ጠብቄያለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ልናገር። ከእንግዲህ ከደገምኩ ስድስት ነው። ካላመኑኝ እኔ ነኝ ሌላ ጓደኛ የምፈልገው።»

ያን ወንበር በገዛ አፏ ጣለችው ብዬ ደነገጥኩ፤ ኮራሁባትም።

ቀያሹ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። የሚቀጥለው ዓመት የጓደኞች መመዝገቢያ ወደተለጠፈበት ሰሌዳ ሄደው የእሷን ስም ጻፉ፤ ከጎኑ የራሳቸውን። ወረቀቱ የሚጠይቀው የአንድ ዓመት ብቻ ነበር። እሳቸው ግን ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ መስመር አስምረው የቀጣዩንም ዓመት ጻፉበት።